ንግድ ወደ መኖሪያ ሰፈር ሲገባ፦ የሰፈራቸውን መልክ ለመጠበቅ የሚደራጁ ነዋሪዎች ተደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የገበያ ማዕከል፣ ሆቴል፣ የቢሮ ሕንፃ ወይም የምሽት መዝናኛ ቤት በሰፈራቸው ሊሠራ መሆኑን ሰምተው ምን እናድርግ ለሚሉ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ነው። የሕጉ ዝርዝርና የመሥሪያ ቤቶቹ ስም ከአገር አገር ቢለያይም አካሄዱ ተቀራራቢ ነው፦ የመሬት አጠቃቀም ፕላን፣ ማመልከቻ፣ ማስታወቂያ፣ አስተያየት፣ ውሳኔ፣ ይግባኝ። በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ነዋሪውን የሚያጠነክረው አንድ ነገር ነው፤ እንዲጠበቅለት የሚፈልገውን አስቀድሞ ለክቶ በጽሑፍ መያዙ።

ሰፈራችን መልኩን እያጣ ነው ብለን ደጋግመን አመለከትን፤ ሰሚ ግን አጣን። ለምን?

ማመልከቻውን የሚመረምረው ባለሙያ ፊት ለፊቱ ያለው ፕላንና ቁጥር ነው። «ሰፈራችን ጸጥ ያለና ውብ ነበር» የሚለው አቤቱታ እውነት ቢሆንም ከፕላኑ ጋር የሚመዘንበት ነገር የለውም። በአንጻሩ «በዚህ መንገድ ካሉት 42 ሕንፃዎች 38ቱ ከ9 ሜትር አይበልጡም፤ የቀረበው የሕንፃ ፕላን ግን 24 ሜትር ነው» ብላችሁ ብትጽፉ ባለሙያው መልስ ሳይሰጥበት ሊያልፍ ይቸገራል። ይግባኝ ሰሚውም ሆነ ፍርድ ቤቱ በኋላ የሚያየው ያንኑ ጽሑፍ ነው።

የሰፈሩን ሕንፃዎች ቆጠራና ልኬት ራሳችን መሥራት እንችላለን?

ትችላላችሁ። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ውጡ፤ አንዱ ይለካ፣ ሌላው ይጻፍ። ባለ 30 ሜትር መለኪያ፣ ደብተርና ስልክ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ግቢ የሚከተለውን መዝግቡ፦ በመንገዱ በኩል ያለው ስፋት፣ ከአጥሩ እስከ ቤቱ ግድግዳ ያለው ርቀት፣ የወለል ብዛት፣ ቁመት፣ የአጥሩ ቁመትና ዓይነት፣ የጣሪያው ቅርጽ፣ ግድግዳው የተሠራበት ቁስ፣ ቤቱ አሁን የሚሰጠው አገልግሎት። ዛፎችን አትርሱ፤ የግንዱን ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብላችሁ ለኩ፣ ዓይነቱን ጻፉ፣ ቦታውን በንድፍ ላይ አመልክቱ። ያልተመዘገበ ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ነበረ ብሎ ማስረዳት በጣም ከባድ ነው።

ፎቶግራፉን ከመንገዱ ማዶ፣ ከቤቱ ትይዩ ቆማችሁ፣ ካሜራውን ሁልጊዜ በአንድ ከፍታ ይዛችሁ አንሱ። የፋይሉ ስም የቤቱ ቁጥር ይሁን። ከስድስት ወር በኋላ በስብሰባ መሃል አንድ ፎቶ ፈልጉ ስትባሉ ለምን እንዲህ እንዳልን ይገባችኋል።

ቁመት ለመገመት መግባት የምትችሉበትን አንድ ቤት ወለል ለክታችሁ በወለሎቹ ቁጥር አባዙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት አንድ ወለል ብዙውን ጊዜ ወደ 3 ሜትር ሲሆን የንግድ ቤት ወለል ግን ከ4 እስከ 4.5 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ «ከአራት ፎቅ አይበልጥም» የሚል ስምምነት 12 ሜትር ሕንፃ ጠብቃችሁ 16 ወይም 18 ሜትር ሊያመጣባችሁ ይችላል። የከፍታ ገደብን ሁልጊዜ በሜትር ጻፉ፤ ከየትኛው ነጥብ እስከ የትኛው እንደሚለካም ጨምሩ፣ በተለይ መሬቱ ተዳፋት ከሆነ። በጣሪያው ላይ የሚቀመጠው የሊፍት ክፍልና የውኃ ታንከር በልኩ ውስጥ ይቆጠር አይቆጠር እንደሆነም ይገለጽ።

ውጤቱን በሰንጠረዥ አስቀምጡና አብዛኞቹ ሕንፃዎች በየትኛው ልክ መካከል እንደሚወድቁ ጻፉ። ከልኩ የወጡትንም አትደብቁ። አልሚው፣ ማለትም ግንባታውን የሚያካሂደው ወገን፣ ራሱ ያገኛቸዋል፤ እናንተ የዘለላችኋቸው መሆኑን ካሳየ ደግሞ የቀረው ቆጠራችሁም ይጠረጠራል።

በሕንፃው ፕላን ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች እንዴት እናንብብ?

መጀመሪያ የወለል ስፋት ጥምርታውን ፈልጉ፤ ይህም የሁሉም ወለሎች ስፋት ድምር ለመሬቱ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። መሬቱ 500 ካሬ ሜትር፣ ጥምርታው 2 ከሆነ በድምሩ 1,000 ካሬ ሜትር ወለል መሥራት ይቻላል። ሕንፃው የመሬቱን ግማሽ ቢይዝ እያንዳንዱ ወለል 250 ካሬ ስለሚሆን አራት ወለል ይበቃል። ሩቡን ብቻ ቢይዝ ግን 125 ካሬ ሜትር የሆኑ ስምንት ወለሎች ይሆናሉ። ጥምርታው በሁለቱም አንድ ነው፤ ሰፈሩ ላይ የሚቆመው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነገር ነው። ከዚህ የተነሳ «ጥምርታው በሕጉ ውስጥ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አያረካም። ቁመቱን፣ መሬቱ የሚሸፈንበትን መጠን፣ ከድንበር የሚተወውን ርቀትና ጥምርታውን አራቱንም አንድ ላይ ተመልከቱ።

ቀጥሎ ጥላው ነው። ፀሐይ ከአድማስ 45 ዲግሪ ላይ ስትሆን የሕንፃው ጥላ ከቁመቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን የቁመቱ 1.7 እጥፍ ያህል ነው። በዚያ ሰዓት 15 ሜትር ሕንፃ 26 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። አልሚው የጥላ ጥናት ካቀረበ በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት እንደተሠራ እዩ። ለቀትር ብቻ የተሠራ ጥናት ጥላውን አሳጥሮ ያሳያል፤ ፀሐይ ዝቅ ብላ በምትሄድበት ወቅት ለረፋዱ 3፣ ለቀትሩ 6 እና ለ9 ሰዓት የተሠራ ጠይቁ። የጥላ ክርክር ቀላል አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1915 ኒው ዮርክ ውስጥ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የወጣው ባለ 38 ፎቅ ኢኩዊተብል ሕንፃ ጎረቤቶቹን በጥላ መዋጡ፣ ከተማዋ በ1916 የከፍታና የአጠቃቀም ደንብ እንድታወጣ ከገፋፏት ምክንያቶች አንዱ ነበር።

መቼ እንጀምር?

ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት። ቁፋሮው ከጀመረ በኋላ መሰብሰብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ትልቁ ውሳኔ ብዙውን ጊዜ የሚተላለፈው በሕንፃው ፈቃድ ላይ ሳይሆን ከዓመታት በፊት የመሬት አጠቃቀም ፕላኑ ሲሻሻል ነው። ፕላኑ መንገዳችሁን ለንግድ ወይም ለቅይጥ አገልግሎት ከመደበው በኋላ የሚመጣው አመልካች በሕግ ያለውን መብት ይጠይቃል፤ የእናንተ ድርሻም በዝርዝሩ ላይ መከራከር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ፕላኑ መቼ እንደሚከለስ ዛሬውኑ ጠይቁ።

ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ ለአብዛኛው የግንባታ ማመልከቻ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ 21 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ሰው ሰብስቦ፣ ሰነድ አንብቦ፣ ጽፎ ማስገባት የሚችለው አስቀድሞ የተደራጀ ሰፈር ነው። ከማኅበሩ አንድ ሰው በየሳምንቱ የማስታወቂያ ሰሌዳውን እንዲያይ ይመደብ። ማመልከቻ ሲገኝ የቦታውን ፕላን፣ የአራቱን ገጽታ ሥዕል፣ የቁርጥ ሥዕሉን (ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበትን)፣ የትራፊክና የጎርፍ ማፍሰሻ ጥናቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ያስገባችሁትን ደብዳቤ ቅጂ ቀን ተጽፎበትና ማኅተም ተደርጎበት ተቀበሉ።

ማኅበሩን እንዴት እናቋቁም?

ከሰባት እስከ ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ ይበቃል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ቢሆን ድምፅ እኩል ለእኩል አይሆንም። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሰነድ የሚይዝ ሰውና ከመገናኛ ብዙኃን ጋር የሚነጋገር አንድ ቃል አቀባይ ይመረጡ። መተዳደሪያ ደንቡ ሁለት ገጽ ይሁን፤ የማኅበሩን ወሰን ከየትኛው መንገድ እስከ የትኛው እንደሆነ፣ ማን አባል እንደሚሆን፣ ምልዓተ ጉባኤው ስንት እንደሆነና ከአልሚው ጥቅም ያለው ሰው ከድምፅ እንደሚታገድ ይናገር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ ቢያንስ 21 ሰዎች ያሉበት የሰፈር መድረክ የአካባቢውን ፕላን አዘጋጅቶ በሕዝበ ውሳኔ እንዲያጸድቅ ይፈቅዳል። በአገራችሁ እንዲህ ያለ ሕግ ኖረም አልኖረም፣ ወሰኑ የታወቀና አባላቱ የተመዘገቡ ቡድን ከስሜት ስብስብ ይልቅ ይደመጣል።

ተከራዮችን፣ ትንንሽ ሱቅ ያላቸውንና በሰፈሩ የሚሠሩትን አስገቡ። የቤት ባለቤቶች ብቻ የተሰበሰቡበት ማኅበር «የንብረታቸውን ዋጋ ለመጠበቅ ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። ገንዘብ ካለ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይከፈት፣ ወጪና ገቢው በየወሩ ለአባላት ይነበብ። ማኅበራት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሱት በአልሚው ጉልበት ሳይሆን ባልተመዘገበ ገንዘብና ሁሉን ነገር ብቻውን በያዘ አንድ ሰው ነው። ቃለ ጉባኤ ሳይጻፍ አትበተኑ።

ፊርማ ማሰባሰብ ይጠቅማል?

ቁጥር ለማሳየት ይጠቅማል፣ ክርክሩን ግን አይሠራም። ጥያቄው በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ሙሉ በሙሉ ይጻፍ። በመጀመሪያው ገጽ ብቻ ተጽፎ ሌሎቹ ባዶ ሰንጠረዥ ከሆኑ ፈራሚዎቹ ምን ላይ እንደፈረሙ ማረጋገጥ አይቻልም። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ፣ ቀን። ለሌላ ሰው አትፈርሙ፤ አንድ የተጭበረበረ ፊርማ የቀሩትንም ያጠራጥራል። ከፊርማው ጎን አሥራ አምስት ሰዎች በራሳቸው አገላለጽ፣ እያንዳንዱ ከቤቱ የሚታየውን ጉዳት ለይቶ የጻፈው ደብዳቤ ቢገባ ከአንድ ጽሑፍ መቶ ቅጂ ይበልጣል።

ውሃ የሚያነሳው ምክንያት የትኛው ነው?

በብዙ አገሮች ክብደት የሚሰጣቸው ምክንያቶች ከመሬት አጠቃቀምና ከሕዝብ ጥቅም ጋር የሚያያዙት ናቸው፦ የቁመትና የግዝፈት አለመጣጣም፣ የብርሃን መጋረድ፣ በጎረቤት መኝታ ቤት ላይ የሚያፈጥ መስኮት፣ የተሽከርካሪ ጫና፣ የጭነት ማውረጃ ቦታ አለመኖር፣ ጫጫታ፣ ሽታ፣ የጎርፍና የፍሳሽ መስመር አቅም፣ ዛፍና ቅርስ። የቤቴ ዋጋ ይቀንሳል፣ ከሰገነቴ የማየው ይጋረዳል፣ ሱቄ ላይ ተፎካካሪ ይመጣል፣ አልሚው መጥፎ ሰው ነው የሚሉት በአብዛኛው ዋጋ የላቸውም። ደብዳቤያችሁ ውስጥ ሲቀላቀሉም ጠንካራዎቹን ያዳክማሉ፤ አውጧቸው።

እያንዳንዱን ምክንያት ከፕላኑ ገጽ፣ ከደንቡ አንቀጽና ከቆጠራችሁ ጋር አያይዙት። ጥሩ አንቀጽ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ደንቡ ምን ይላል፣ ፕላኑ ምን ያሳያል፣ ልዩነቱ በማን ላይ ምን ያመጣል።

የትራፊክና የጫጫታ ማስረጃ እንዴት ይያዛል?

ተሽከርካሪዎችን በየ15 ደቂቃው ለይታችሁ ቁጠሩ፤ የቤት መኪና፣ ሚኒባስ፣ የጭነት መኪና፣ ሞተር ብስክሌት፣ እግረኛ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓትና ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ቢያንስ በሁለት የሥራ ቀናት፤ ለገበያ ማዕከል ከሆነ ቅዳሜን ጨምሩ። በዓል፣ የትምህርት ቤት እረፍትና ዝናባማ ቀን ውጤቱን ያዛባሉ። የአልሚውም ጥናት በእንዲህ ያለ ቀን ተሠርቶ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ትልቁ የጭነት መኪና መንገዱ ላይ ሳይቆምና ወደ ኋላ ሳይነዳ ገብቶ የሚወጣው በየት በኩል ነው? ጎማዎቹ የሚሄዱበትን መስመር የሚያሳይ ሥዕል እንዲቀርብ ጠይቁ።

ለጫጫታ የስልክ መተግበሪያ እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማስረጃ አይታይም፤ መሣሪያው አልተስተካከለም። የሚሻለው ለአራት ሳምንት የሚያዝ መዝገብ ነው፦ ቀን፣ የጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ ምንጩ፣ በቤት ውስጥ ያመጣው ችግር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ እንቅልፍ እንዳይረበሽ በሌሊት ከመኝታ ቤት መስኮት ውጭ ያለው አማካይ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ባለሙያ መቅጠር ከቻላችሁ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ድምፅ አስለኩ፤ በኋላ የሚለካው የሚነጻጸርበት ይኖራችኋል።

አልሚው ሊያነጋግረን ጠይቋል። እንሂድ?

ሂዱ፤ ከሁለት ሰው ባነሰ ግን አትሂዱ። ቃለ ጉባኤውንም በዚያው ቀን ጽፋችሁ ላኩለት። ከአንዳንድ ቤተሰቦች ጋር ለየብቻ መነጋገር የተለመደ ዘዴ ስለሆነ፣ ማንኛውም የግል ግብዣ ለኮሚቴው እንዲነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

የቃል ተስፋ መሬቱ በተሸጠ ማግስት ይጠፋል። የምትስማሙበት ነገር ሁሉ በፈቃዱ ላይ እንደ ግዴታ ተጽፎ ቀጣዩንም ባለቤት የሚያስር መሆን አለበት። «ጫጫታ ይቀነሳል» የሚል ግዴታ ተቆጣጣሪ ሊያስፈጽመው አይችልም፤ እንደሚከተለው ያለውን ግን ይችላል። ጭነት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አይወርድም። ጄኔሬተሩ ከመኖሪያ ቤቶች ተቃራኒ በሆነው ጎን፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። የማብሰያ ቤት ጭስ ማውጫው ከራሱ ጣሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይላል። ቆሻሻ በግቢው ውስጥ ክዳን ባለው ቦታ ይቀመጣል። የውጭ መብራት ወደ ታች ብቻ ያበራል። በመንገዱ በኩል ያለው የመጀመሪያው ወለል ባዶ ግድግዳ ሳይሆን በርና መስኮት ይኖረዋል።

የመጨረሻዋ ለሰፈር ሕይወት ከሁሉም በላይ ትመዝናለች። ከፍ ያለ ሕንፃ ከነበሩ ሱቆች ጋር ተስማምቶ ሊኖር ይችላል፤ 40 ሜትር ርዝመት ያለው የመኪና ማቆሚያ ግድግዳ ግን ሌሊት ማንም የማያልፍበት መንገድ ይፈጥራል።

ቁፋሮው ቤታችንን ቢሰነጥቀውስ?

ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሁለቱም ወገን ፊት የቤታችሁ ሁኔታ ይመዝገብ። ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ፣ ጫፎቹን በእርሳስ አመልክታችሁ ቀን ጻፉ፣ ሰነዱን ሁለታችሁም ፈርሙበት። የቁፋሮ ተጽዕኖ እንደ አፈሩ ሁኔታ ቢያንስ የጥልቀቱን ያህል ወደ ጎን ሊሄድ ይችላል፤ በለስላሳ አፈር ይብሳል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ ከጎረቤት ሕንፃ 3 ሜትር ውስጥ ከጎረቤቱ መሠረት ጠልቆ የሚቆፍር ሰው ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በአገራችሁ ግዴታ ባይሆንም በፈቃዱ ላይ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ልማትን መቃወም አይደለም ወይ?

ሊሆን ይችላል፤ የሚወሰነው በምትጠብቁት ነገር ነው። የሰፈርን መልክ መጠበቅ የሚለው ሐሳብ ሰዎችን ለማግለል ያገለገለበት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1917 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው የሉዊስቪል ከተማ ደንብ ጥቁሮች ነጮች በበዙበት ሰፈር ገብተው እንዳይኖሩ የሚከለክል ነበር። ያ ከተሻረ በኋላም ሰፋፊ መሬትን የግድ የሚሉ ደንቦች ድሃውን ከሰፈሩ ማስወጣታቸውን ቀጠሉ። የቤት እጥረት ባለበት ከተማ ሁሉን ግንባታ እንቢ የሚል ማኅበር የሌሎችን መጠለያ እየዘጋ ነው፤ እኛም ይህን አንደግፍም።

ስለዚህ እንቢታችሁን ከአማራጭ ጋር አቅርቡ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሲድኒ ዘ ሮክስ በተባለው ሰፈር የቢሮ ማማዎች ሊሠሩ ሲሉ ነዋሪዎቹ ከግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሥራ የማስቆም ስምምነት አደረጉ፤ ጎን ለጎንም የራሳቸውን ፕላን አወጡ። ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች የተረፉት በዚህ ነው። የራሳችሁ ንድፍ ግዝፈቱ ወዴት ቢዞር፣ ስንት መኖሪያ ቢጨመር፣ የትኛው ጥግ ረጅም ሕንፃ ሊሸከም እንደሚችል ያሳይ።

ዘላቂ ጥበቃ የሚሰጠው የትኛው ሕግ ነው?

ሕንፃን በቅርስነት ማስመዝገብ ግድግዳውን ያድናል፣ ሕይወቱን ግን ላያድን ይችላል። ለንደን ውስጥ ኮቨንት ጋርደን የተባለውን የገበያ ሰፈር አፍርሶ የመሥራት ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ 250 የሚጠጉ ሕንፃዎች በመመዝገባቸው ከሸፈ። ሕንፃዎቹ ቆመዋል፤ የአትክልት ገበያው ግን በ1974 ከዚያ ወጣ፣ ዛሬ ቦታው በአብዛኛው የጎብኚ መዳረሻ ነው።

ስለዚህ የምትፈልጉትን ለይታችሁ መሣሪያውን ምረጡ። ለቅርጽ፦ የከፍታና የግዝፈት ደንብ ወይም የጥበቃ ክልል። ለንግዱ ዓይነት፦ የአገልግሎት ደንብ፤ ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ 11 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸውን ተመሳሳይ መደብሮች በሰፈር የንግድ መንገዶች ላይ ትቆጣጠራለች። ለነዋሪው፦ የጀርመን የግንባታ ሕግ አንቀጽ 172 ከተሞች የአንድን ሰፈር የነዋሪ ስብጥር ለመጠበቅ ማፍረስንና ማሻሻልን በፈቃድ እንዲገድቡ ይፈቅዳል፤ በርሊን በብዙ ሰፈሮቿ ትጠቀምበታለች።

ፈቃዱ ተሰጠ። አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። የውሳኔውን ሙሉ ቅጂ በዚያው ሳምንት ውሰዱና የይግባኝ ቀኑን አስሉ፤ ቀኑ ካለፈ በጣም ጠንካራ ምክንያትም አይታይም። ይግባኝ የሚያሸንፈው ብዙውን ጊዜ በአካሄድ ስህተት ነው፦ ማስታወቂያ አልተለጠፈም፣ ለአስተያየት የተሰጠው ጊዜ አጥሯል፣ አስፈላጊ ጥናት አልተያያዘም፣ ባለሥልጣኑ የጥቅም ግጭት ነበረበት። እግድ የምትጠይቁ ከሆነ ሥራው ሳይገፋ ነው፤ ሦስተኛው ወለል ከተሞላ በኋላ ዳኛ ለማገድ ይከብደዋል።

ግንባታው ከቀጠለ በሦስት ጊዜያት ለኩ። መጀመሪያ የመሠረቱ ልክ ሲወጣ፣ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት፣ ከድንበር ያለውን ርቀት። ሁለተኛ የመጀመሪያው ወለል ሶሌታ (የወለሉ ኮንክሪት ንጣፍ) ሲያልቅ፣ ከመንገዱ ያለውን ከፍታ። ሦስተኛ ጣሪያው ሲደርስ ጠቅላላውን ቁመት። መጀመሪያ ላይ የተገኘ የ60 ሳንቲ ሜትር ስህተት ይስተካከላል፤ ጣሪያ ላይ ሲገኝ በቅጣት ያልፋል። ጥሰት ካያችሁ የፈቃዱን ቁጥር፣ የተጣሰውን ግዴታ፣ ቀኑንና ፎቶውን ይዛችሁ በጽሑፍ አመልክቱ።

ሕንፃው ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የአገልግሎት ለውጥን ተከታተሉ። ለመጋዘን የተፈቀደው ወለል የሙዚቃ ቤት ሲሆን፣ የመኪና ማቆሚያው ተከፋፍሎ ሱቅ ሲሆን ብዙ ጊዜ አዲስ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ጎረቤት ካልጠየቀ ተቆጣጣሪም አይመጣም። የጸደቀውን ፕላን ከግዴታዎቹ ጋር በሁለት ቤት አስቀምጡ፣ ጸሐፊ ሲቀየርም በፊርማ አስረክቡ።